የኮል ሴንተር ሪፖርት ሲዛባ አንዲት ጥሪ ይዞ መከተል

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነበር። ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን በዚያ ሰዓት ጣት ለኪቦርድ አይታዘዝም። ሱፐርቫይዘራችን ጋቢዋን እንደተከናነበች ብቅ አለችና «ኧረ በናትህ! ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስናወራ ውለን ሪፖርቱ ባዶ ነው። 4 ሰዓት ላይ ስብሰባ አለብኝ፤ ሲስተም የለም ልበላቸው?» አለችኝ። እኔም እንደቸኮለ ሰው ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግኩት። ሪፖርቱ ከዚያ በኋላ ያሉትን ጥሪዎች ማሳየት ጀመረ፤ ቅዳሜ ግን ዜሮ እንደሆነች ቀረች። ረቡዕ ላይ ያው በሽታ ተመለሰ። ለካ ዲስኩ ሞልቶ ኖሯል። ሪስታርቱ ጊዜያዊ ፋይሎችን ጠርጎ ትንሽ ቦታ ስለከፈተለት ሁለት ቀን ተነፈሰ፤ እኔ ደግሞ ምክንያቱን ሊነግረኝ የሚችለውን ምልክት አብሬ ጠረግኩት።

ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ተበላሸ ሲባል ሪፖርቱን አልነካም። አንዲት ጥሪ ራሴ እደውልና ከስልኩ እስከ ኤክሴሉ እከተላታለሁ። የጠፋችበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ቦታ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። የምጽፈው አስተሪስክ በሚባለው የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ላይ የተሠራ ሲስተም ይዤ ነው፤ ሌላ ሶፍትዌር ያላችሁ የቁልፎቹ ስም ቢለያይባችሁም መንገዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ቅሬታውን አጥሩ

«ሪፖርቱ አይሠራም» ብሎ የሚመጣ ሰው ከአምስት የተለያዩ ነገሮች አንዱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ የትኛውን እንደሆነ እሱም አልለየውም። ስለዚህ ጠይቁት። ባዶ ነው? ጎደለ? በዛ? ቁጥሩ ልክ ሆኖ ቀኑ ነው የተዛባው? ወይስ ፊደሉ አይነበብም? ባዶ ከሆነ ወደ ዲስክና ዳታቤዝ ትሄዳላችሁ። ከጎደለ ወይም ቀኑ ከተዛባ ወደ ሰዓት፣ ከበዛ ወደ አቆጣጠር፣ ፊደሉ ከሆነ ወደ ኤክሴል።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር እዚያው ወንበሩ ላይ እያላችሁ ፈትሹ። አንደኛ፣ ያንኑ ሪፖርት በአድሚን አካውንት ክፈቱት። በእናንተ መጥቶ በሱፐርቫይዘሯ ካልመጣ ጉዳዩ የፈቃድ ነው፤ አዲስ የተከፈተ ወረፋ (ደዋዮች ተራ የሚጠብቁበት መስመር) በአካውንቷ ላይ አልተጨመረም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ማጣሪያውን ተመልከቱ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ኤጀንት (ጥሪ ተቀባይ ሠራተኛ) ስም መርጣ አይታ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ያንን አስታውሶ ዛሬም የእሱን ብቻ ያሳያታል። ኤጀንቱ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። እኔ በዚህ ነገር አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ጨርሻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

የሙከራ ጥሪው

አሁን ስልካችሁን አውጡ።

1. የእጅ ሰዓታችሁን ወይም የሞባይላችሁን ሰዓት እያያችሁ ወደ ማዕከላችሁ ደውሉ። የደወላችሁበትን ደቂቃና ሰከንድ ወረቀት ላይ ጻፉ።
2. ኤጀንት እስኪያነሳ ስንት ሰከንድ እንደጠበቃችሁ ጻፉ። ካነሳ በኋላ በትክክል 1 ደቂቃ አውሩና ዝጉ።
3. እንደገና ደውሉ፤ አሁን ሳይነሳ፣ ወረፋው ሙዚቃ እያሰማችሁ 15 ሰከንድ ላይ ዝጉ።
4. ሁለቱን ጥሪዎች በየጣቢያው ፈልጉ፦ መጀመሪያ በሎጉ (ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ በየመስመሩ የሚጽፍበት ፋይል)፣ ቀጥሎ በዳታቤዙ፣ ከዚያ በሪፖርቱ ገጽ፣ በመጨረሻ ወደ ኤክሴል በወረደው ፋይል።

አስተሪስክ የወረፋውን ታሪክ ኪው ሎግ በሚባል ፋይል ይጽፋል። ደንበኛው ወረፋ ሲገባ «ኢንተር ኪው»፣ ኤጀንት ሲያነሳ «ኮኔክት»፣ ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ ሲዘጋ «አባንደን»፣ ንግግሩ ሲያልቅ «ኮምፕሊት» የሚሉ መስመሮች አሉት። የመጀመሪያው ጥሪያችሁ «ኮኔክት»፣ ሁለተኛው «አባንደን» ይዞ መገኘት አለበት። ሎጉ ውስጥ ከሌሉ ሪፖርት ሶፍትዌሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከስልኩ ወገን ነው። ሎጉ ውስጥ ኖረው ዳታቤዝ ውስጥ ካልገቡ፣ ከሎግ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባው ፕሮግራም ቆሟል ወይም ዲስኩ ሞልቷል። ዳታቤዝ ውስጥ ኖረው ገጹ ላይ ከሌሉ ማጣሪያ፣ ፈቃድ ወይም ሰዓት ነው። ገጹ ላይ ታይተው ኤክሴል ላይ ከተበላሹ ደግሞ ሰርቨሩን ተዉት፣ ኤክሴሉን ያዙ።

ሰዓት

እኛ አገር ላይ ሪፖርት የሚያዛባ ዋናው ነገር ሰዓት ነው፤ የውጭ ሶፍትዌር ሻጭ ደግሞ በቶሎ የማይገባው ይኼው ነው። ምክንያቱም እኛ ዘንድ ሦስት ዓይነት ሰዓት በአንድ ጊዜ ይቆጠራል። ኤጀንቷ «ፈረቃዬ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል» ትላለች። ኮምፒውተሯ 8፡00 ይላል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው 5፡00 ነው፤ እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለንና። ሦስቱም ልክ ናቸው። ሪፖርቱ የሚዛባው የትኛው የማን እንደሆነ ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ምልክቱን በዓይን ትለዩታላችሁ። የሰዓት በሰዓት ግራፉን ክፈቱ። ጥሪ የሚበዛባችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሆኖ ግራፉ 6፡00 ላይ ጉብ ካለ፣ ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው፤ የሰዓት ክልል ቅንብር ነው። ግራፉ 3፡00 ላይ ጉብ ካለ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ አንድ ሰው ሰዓቱን ራሱ በአበሻ አቆጣጠር አስተካክሎታል። አትሳቁ፣ አይቻለሁ። ልዩነቱ ወራትና ዓመታት ከሆነ ደግሞ ባትሪ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

የሰዓት ክልሉን ስታስተካክሉ የሰርቨሩን ሰዓት አትንኩ። ሪፖርት ሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የሚታየውን ሰዓት «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» አድርጉት፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ናይሮቢም ያው ነው። እኛ በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማንቀይር አንዴ ከተስተካከለ ተስተካከለ። የሰርቨሩን ሰዓት ከቀየራችሁ ግን ከዚህ በፊት የተጻፈው በአሮጌው፣ ከዚህ በኋላ የሚጻፈው በአዲሱ ይሆንና ሁለት ዓይነት መረጃ በአንድ ዳታቤዝ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ሌሊት የሚሠራ ማዕከል ካላችሁ ይህንንም ልብ በሉ። ሰርቨሩ ቀኑን በዓለም አቀፉ ሰዓት ከቆረጠው፣ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የመጡ ጥሪዎች ወደ ቀደመው ቀን ይሄዳሉ። ሰርቨሩ በትክክል ቢስተካከልም ሌላ ጣጣ አለ፦ የሌሊት ሠራተኛ «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደወለ» ሲል ለእሑድ አጥቢያ ማለቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንን እሑድ ይለዋል። «የቅዳሜ ጥሪዬ ጠፋ» ሲላችሁ እሑድን ክፈቱለት።

ወሩም እንደዚሁ ነው። «ይህ ወር» የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው የፈረንጁን ወር ነው የሚያገኘው። የበጀት ዓመት ሪፖርት ከሆነ ከሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት እስከ መስከረም 30 ሲሆን መጨረሻው ኦክቶበር 10 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ኦክቶበር 11። ቀናቱን በእጅ አስገቡ። ጳጉሜን ስላለችበትም ይህ ሩብ ዓመት 95 ቀን (ጳጉሜን 6 ስትሆን 96) ይሆናል፣ ቀጣዩ 90። «ሁለተኛው ሩብ ዓመት ላይ ጥሪ ቀነሰ» ብሎ የሚደነግጥ አለቃ ካለ፣ ጠቅላላውን ሳይሆን የቀን አማካዩን አሳዩት።

አሁን ባትሪው። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ የጥሪዎቹ ቀን ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ከሄደ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም መሳይ ባትሪ አልቃለች። በብዙ ማሽኖች ላይ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልቷ ናት። ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ ቀይሯት፤ ስታስነሡት ሰዓቱን አስተካክሉ። ከዚያ ሰርቨሩ ሰዓቱን በኔትወርክ እንዲያመሳስል ኤንቲፒን አብሩ፤ ፋየርዎል ካላችሁ ዩዲፒ ፖርት 123 ክፍት መሆኑን እዩ። የቢሮው ኮምፒውተሮችም ከዚያው ሰርቨር ሰዓት ቢወስዱ ክርክር ይቀንሳል። ያረጁትን የተሳሳቱ ቀናት ዳታቤዝ ውስጥ ገብታችሁ «ላርመው» አትበሉ፤ መጀመሪያ ባክአፕ ያዙ፣ ብትችሉ ማስታወሻ ጽፋችሁ እንዳሉ ተዉአቸው።

መብራት ሌላም ጣጣ ያመጣል። ሲስተሙ በድንገት ሲጠፋ ኤጀንቱ ሳይወጣ ይቀራል፤ የመግቢያ መስመር አለ፣ የመውጫ የለም። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ አንዷ ልጅ 23 ሰዓት ሥራ ላይ የዋለች መስላ ትታያለች። ይህን ስታዩ ቁጥሩን ሳይሆን ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን መሣሪያ) ጠርጥሩ። የእርሳስ ባትሪ ብርድ ላይ አቅሙ ይቀንሳል፤ የኛን ዩፒኤስ ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ ወለል ላይ አንሥተን ጣውላ ላይ አስቀምጠነዋል።

በዛ ሲባል

አንድ ቀን ሪፖርቱ ያልተነሱ ጥሪዎችን በመቶዎች ቆጥሮ መጣ። ኤጀንቶቹ ሊያለቅሱ ደረሱ፤ አለቃው ደግሞ ቅነሳ ሊጽፍ ነበር። የሙከራ ጥሪዬን ስከተል አንዷ ጥሪ ዳታቤዙ ውስጥ ስድስት መስመር ይዛ አገኘኋት። ጥሪው ለስድስት ስልክ በአንድ ጊዜ ይጮሃል፣ አንዷ ታነሳለች፣ የአምስቱ «አልተነሳም» ተብሎ ይጻፋል። ሪፖርቱ መስመሩን እንጂ ደንበኛውን አልነበረም የሚቆጥረው።

መፍትሔው መስመሮቹን አንድ የሚያደርገውን መለያ ቁጥር መጠቀም ነው። አስተሪስክ ላይ ሊንክድ አይዲ ይባላል፤ የአንድ ጥሪ ቅርንጫፎች ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይይዛሉ። ሪፖርቱ በእሱ እንዲቆጥር አድርጉ፤ ካልቻላችሁ እያንዳንዱን የስልክ ጩኸት በየመስመሩ ከሚጽፈው የጥሪ መዝገብ ሳይሆን ከኪው ሎጉ ላይ የሚሠራውን ሪፖርት ተጠቀሙ። ተቃራኒውም አለ። የድምፅ መልእክቱ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ካነሳው፣ ደንበኛው ወረፋ ላይ ሰልችቶት ቢዘጋም የጥሪ መዝገቡ «ተነሥቷል» ይላል። ስለዚህ የተቋረጡ ጥሪዎችን ከጥሪ መዝገቡ አትቁጠሩ።

ሁለት ሪፖርቶች ሲጣሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ትርጉማቸው ነው የተለያየው። «ከጥሪዎቹ 80 በመቶው በ20 ሰከንድ ውስጥ ይነሣ» የሚለውን የታወቀ መለኪያ እንውሰድ። 100 ሰው ደወለ፤ 70ው በ20 ሰከንድ ውስጥ ተነሣለት፣ 15ቱ ዘግይቶ ተነሣለት፣ 15ቱ ዘጋ። ከተደወለው አንጻር 70 በመቶ ነው። ከተነሣው 85 ጥሪ አንጻር ግን 82 በመቶ ይሆናል። በአንዱ ወድቃችኋል፣ በሌላው አልፋችኋል። የቱን እንደምትጠቀሙ፣ 5 ሰከንድ ሳይሞላ የተዘጋ ጥሪም ይቆጠር አይቆጠር እንደሆነ ከአለቃችሁ ጋር ተስማሙና በወረቀት ያዙት። ይሄ የሶፍትዌር ሥራ አይደለም፣ ግን ስልኩ የሚደወለው ለእናንተ ነው።

አማካይም ላይ ተጠንቀቁ። ሰኞ 200 ጥሪ በአማካይ 3 ደቂቃ፣ እሑድ 20 ጥሪ በአማካይ 6 ደቂቃ ቢሆን፣ የሁለቱ ቀን አማካይ 4 ደቂቃ ተኩል አይደለም። ደቂቃውን ሁሉ ደምሩት፦ 600 እና 120፣ 720። ለ220 ጥሪ ስታካፍሉት 3 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ሰው ኤክሴል ላይ የአማካዮችን አማካይ ሲሠራ ሶፍትዌሩን ነው የሚወቅሰው።

አንዲት መሐል ሜዳ አራት ስትሆን

ደንበኛው ከየት እንደደወለ ኤጀንቱ በእጁ የሚጽፍ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ። የኛ የአካባቢ ሪፖርት ላይ መሐል ሜዳ፣ መሀል ሜዳ፣ መሃል ሜዳ እና መሀልሜዳ አራት ከተማ ነበሩ። ሸዋ ሮቢትም ተጣብቃ እና ተለያይታ ሁለት ነበረች። ለሰው ጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ቃል መሐል የገባ ባዶ ቦታም ሌላ ቃል ያደርገዋል።

ኤጀንቶችን «ተጠንቅቃችሁ ጻፉ» ማለት አይሠራም፤ ስድስት ሰው ወረፋ ላይ እየጠበቀ ማን ስለ ሐመሩ ሐ ያስባል? መጻፉን አስቀሩና ከዝርዝር እንዲመርጡ አድርጉ፦ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ እነዋሪ፣ አረርቲ እያላችሁ። የቅሬታ ዓይነቱንም እንዲሁ። «ሌላ» የሚለውን ምርጫ ከታች አድርጉት፤ ከላይ ካደረጋችሁት ሁሉም «ሌላ» ይሆናል። ለቆየው መረጃ ኤክሴል ላይ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሠርታችሁ፣ በግራ የተጻፈውን በቀኝ ትክክለኛውን አስቀምጡና በቪሉክአፕ ፎርሙላ ተኩት።

ኤክሴል ላይ

ከሪፖርቱ ገጽ ያወረዳችሁትን ሲኤስቪ ፋይል ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ስትከፍቱ አማርኛው እንግዳ ምልክት ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ዳታ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ከቴክስት ወይም ሲኤስቪ አስገባ የሚለውን ምረጡ፣ የፊደል ዓይነቱን ዩቲኤፍ 8 አድርጉት፤ ዝርዝሩ ላይ 65001 የሚል ቁጥር አለው።

እዚያው ላይ እያላችሁ የስልክ ቁጥሩን ዓምድ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ አድርጉት። ካላደረጋችሁ የ09 ዜሮዋ ትጠፋለች፤ በ251 የሚጀምረው ባለ 12 አኃዝ ደግሞ አጥሮ ነጥብና ፊደል ያለበት ቁጥር ይሆናል። ደጋግሞ የሚደውል ደንበኛ ስትፈልጉም አንዱ ጥሪ በ09፣ ሌላው በ251 ተመዝግቦ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች ብቻ በራይት ፎርሙላ ቆርጣችሁ አወዳድሩ፤ ለሞባይልም ለደብረ ብርሃን የቤት ስልክም ይሠራል።

ቀኖቹ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ከተጠጉ ኤክሴሉ ቀንና ወሩን አገላብጦ ነው ያነበበው፤ ወደ ግራ የተጠጉትን ቀን መሆናቸውን አላወቀም፣ ወደ ቀኝ የተጠጉት ደግሞ የተሳሳተ ወር ይዘው ሊሆን ይችላል። እንደገና አስገቡት። የንግግር ሰዓት ደምራችሁ 26 ሰዓት መሆን ያለበት 2 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ኤክሴል 24ቱን ቆርጦ ጥሎታል። በሕዋሱ ቅርጽ ውስጥ ሰዓትን የሚወክለውን ፊደል (h) በካሬ ቅንፍ ክበቡት፣ ይመለሳል።

ዲስክና ኢሜይል

ጥሪ የሚቀረጽ ከሆነ ዲስኩ እንደሚሞላ አስቀድማችሁ አስሉት። ያልታመቀ የስልክ ድምፅ በደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይወስዳል። 8 ኤጀንት በቀን 5፣ 5 ሰዓት ቢያወሩ 2,400 ደቂቃ ነው፤ ከ2 ጊጋባይት ይበልጣል። 500 ጊጋባይት ዲስክ በዚህ አካሄድ በ7 ወር ገደማ ያልቃል። የድሮ ቅጂዎችን ወደ ሌላ ዲስክ የሚያወጣ ሥራ በየሳምንቱ ይዙር፤ ቅጂዎቹና ዳታቤዙም አንድ የዲስክ ክፍልፍል ላይ አይቀመጡ። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ሪፖርቱ ባዶ የሚሆነው ከአንድ የተወሰነ ሰዓት ጀምሮ ነው፤ የመጨረሻዋን የተመዘገበች ጥሪ ሰዓት ጻፉና ያቺን ሰዓት ሎጉ ውስጥ ፈልጉ።

በየጠዋቱ በኢሜይል የሚላከው ሪፖርት ከቀረ መጀመሪያ የላኪውን አካውንት ፓስወርድ የቀየረ ሰው ካለ ጠይቁ። ቀጥሎ የፋይሉን መጠን እዩ፤ የምትልኩት ከጂሜይል አካውንት ከሆነ በተለመደው አካውንት ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ አይልክም።

ለሻጩ ከመደወላችሁ በፊት

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሆነ ለሶፍትዌሩ ሻጭ ደውሉ፤ ግን «ሪፖርቱ አይሠራም» ብላችሁ አትደውሉ። እኔ እንደዚያ ብዬ ስጽፍ የሚመጣልኝ መልስ «ሪስታርት አድርጋችሁ ሞክሩ» ነበር። አሁን የምልከው አምስት መስመር ነው፦ የደወልኩበት ሰዓት እስከ ሰከንዱ፣ የጥሪው መለያ ቁጥር፣ ጥሪው የተገኘበት የመጨረሻ ጣቢያ፣ የጠፋበት የመጀመሪያ ጣቢያ፣ ከዚያ በፊት የተቀየረ ነገር ካለ እሱ። ከሁለቱም ጣቢያዎች ፎቶ አያይዛለሁ፤ የደንበኞች ስልክ ቁጥር ያለበትን ግን አጥፍቼ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉላቸው። አንዴ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብዬ ልኬላቸው ልጁ የሌሊቱን ሎግ ሲበረብር አድሮ፣ በማግስቱ «በዚያ ሰዓት ማንም አልደወለም» ብሎ መለሰልኝ።